የክር ጥራት ከእንዝርት በፊት፦ ጥጥን ለፈትል የሚያዘጋጁ መሣሪያዎችና የሚሻሻሉበት መንገድ

መግቢያ

ጥጥ ከማሳ ተለቅሞ ክር እስኪሆን ድረስ በሦስት የዝግጅት ደረጃዎች ያልፋል። በመጀመሪያ ቃጫው፣ ይኸውም በፍሬው ላይ የበቀለው ቀጭን ጠጉር፣ ከፍሬው ይለያል፤ ይህ መዳመጥ ይባላል። ቀጥሎ የተጣበቀው ቃጫ ተነድፎ ይፈታታል፤ ባዘቶ ይሆናል። በመጨረሻ ባዘቶው ተጠቅልሎ ለእንዝርት የተመቸ አመልማሎ ይወጣዋል። መፍተል የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ስለ ጨርቃ ጨርቅ ሥራ ሲነገር የሰው ዓይን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በእንዝርቱና በሸማኔው መወርወሪያ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ክሩ ጠንካራ ወይም ደካማ፣ ወጥ ወይም ጉጥ የበዛበት የሚሆነው በአብዛኛው ከዚያ በፊት በተደረገው ዝግጅት ነው። በመዳመጥ ጊዜ የተቆረጠ ቃጫን መልሶ የሚቀጥል መኪና የለም። ስለዚህ የዝግጅቱን መሣሪያ ማሻሻል ማለት ሥራውን ማፍጠን ብቻ ሳይሆን የቃጫውን ርዝመት ሳይጎዱ ማፍጠን ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ አሳብ በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙትን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን በማሰብ ለመምህራንና ለፕላን ባለሙያዎች ይብራራል።

1. መዳመጥ

በአገራችን ቤቶች የኖረው መዳመጫ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይና አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። ጥጡ በድንጋዩ ላይ ተደርጎ ዘንጉ በእጅ ሲንከባለልበት ቃጫው ከዘንጉ ሥር ያልፋል፤ ፍሬው ግን ወደ ፊት እየተገፋ ይወድቃል። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም የተመሠረተበት ሕግ ጥልቅ ነው። ዘንጉ ቀጭን በመሆኑ ፍሬው የሚገናኘው ከዘንጉ ቁልቁለታማ ጎን ጋር ነው፤ ስለዚህ ሰበቃው ፍሬውን ወደ ሥር ሊስበው አይችልም። ዘንጉ ወፍራም ቢሆን ኖሮ ፍሬው ከሥሩ ገብቶ ይደቅ ነበር፤ ዘይቱና ስባሪውም ቃጫውን ያበላሸው ነበር።

በህንድ ለብዙ ዘመናት የሠራው ቹርካ የተባለው መዳመጫም ይህንኑ ሕግ ይከተላል። በድንጋዩ ፈንታ ሁለተኛ ዘንግ ገብቶበት ሁለቱም በእጀታ ይሽከረከራሉ። ከእኛ መዳመጫ የሚበልጠው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚለውን የእጅ እንቅስቃሴ ወደማያቋርጥ ዙረት በመለወጡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1793 አሜሪካዊው ኢላይ ዊትኒ የሠራው መኪና ግን በሌላ ሕግ ላይ የቆመ ነው። በሚሽከረከር እንጨት ላይ የተተከሉ የሽቦ ጥርሶች ቃጫውን ይዘው፣ ፍሬውን በማያሳልፍ ጠባብ ክፍተት በኩል ይጎትቱታል። በ1796 ሆጀን ሆልምስ በሽቦው ጥርስ ፈንታ ክብ መጋዞችን አስገባ፤ የዛሬው ባለመጋዝ መዳመጫም የዚህ ዝርያ ነው። መኪናው እጅግ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የሚጎትት እንጂ የሚገፋ ስላልሆነ ቃጫን ይቆርጣል። በ1840 ፎንስ ማካርቲ በቆዳ የተሸፈነ ዘንግና ምላጮች ያሉት መዳመጫ ሲሠራ የፈለገው የዘንጉን ልስላሴ ከመኪና ፍጥነት ጋር ለማጣመር ነበር። እስከ ዛሬም ረጅም ቃጫ ያለው ጥጥ በባለዘንግ፣ መካከለኛው ደግሞ በአብዛኛው በባለመጋዝ መኪና ይዳመጣል።

በባለመጋዝ መዳመጫ ላይ የተደረጉት ዋና ዋና መሻሻሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው እርጥበትን መቆጣጠር ነው። ጥጡ ሲዳመጥ ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆን እርጥበት ቢኖረው ይመረጣል፤ ከዚህ ሲበልጥ ይጓጉላል፣ መኪናውንም ያንቃል፤ ሲያንስ ደግሞ ቃጫው ይሰባበራል። ሁለተኛው ከመዳመጥ በኋላ የሚመጣው ማጥሪያ ነው። ማጥሪያው ቅጠልና ገለባን ያስወግዳል፤ ሆኖም ጥጡ በማጥሪያ ባለፈ ቁጥር አጭር ቃጫና ጥቃቅን ቋጠሮ ይጨምራል። የመጀመሪያው ማጥሪያ ብዙ ሲጠቅም ተከታዮቹ ጥቅማቸው እያነሰ ጉዳታቸው ይበዛል። ስለሆነም ጥሩ የመዳመጫ ፋብሪካ የሚባለው ጥጡን እጅግ ያነጣው ሳይሆን ከሚያስፈልገው በላይ ያልነካካው ነው።

2. መንደፍና ማበጠር

በቤት ውስጥ የተዳመጠው ጥጥ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ተስቦ ሲለቀቅ ይርገበገባል፤ በላዩ ያረፈው ጥጥም እየተፈታታ ይበተናል፤ ከባዱ ጉድፍ ይወድቃል፤ ቀላሉ ቃጫ ይንሳፈፋል። ደጋን ቃጫን አይቆርጥም፤ ጉድለቱ ቃጫዎቹን በአንድ አቅጣጫ አለማስተኛቱ ነው።

ይህን ጉድለት የሚሞላው ማበጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1748 በእንግሊዝ አገር ሌዊስ ፖልና ዳንኤል ቦርን በየፊናቸው በሚሽከረከር ታምቡር ላይ የሽቦ ጥርስ የለበሰ ማበጠሪያ አስመዘገቡ። በ1775 ሪቻርድ አርክራይት የተበጠረውን ባዘቶ ሳይቆረጥ ከታምቡሩ የሚያነሣ ማበጠሪያ ምላስ ጨመረበት፤ በዚህም ሥራው ተከታታይ ሆነ።

በፋብሪካ ካርዲንግ የሚባለው የዛሬው መኪና አሠራር በመሠረቱ ያው ነው። የሁለት ገጾች ጥርሶች ፊት ለፊት ተያይተው በተለያየ ፍጥነት ሲሄዱ ቃጫው በመካከላቸው ይበጠራል። የአንዱ ጥርሶች ጫፍ የሌላውን ጥርሶች ጀርባ እየተከተለ በፍጥነት ሲያልፍ ግን ቃጫው ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ማበጠርና ማስተላለፍ በጥርሶቹ አቅጣጫ ብቻ ይለያያሉ። በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው ክፍተት እስከ ሩብ ሚሊ ሜትር ይጠባል። በመሆኑም የደነዘዘ ጥርስ ወይም በጥቂቱ የሰፋ ክፍተት ያልተፈታ ቋጠሮ ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ1965 ገደማ አንድ ማበጠሪያ በሰዓት 5 ኪሎ ግራም ያህል ያዘጋጅ ነበር፤ የዛሬዎቹ ታላላቅ መኪናዎች ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይደርሳሉ። ይህ የተገኘው ጠንካራ የብረት ጥርስ፣ ወጥ የሆነ አመጋገብና የውፍረት መቆጣጠሪያ በመጨመሩ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር ማየት ይቻላል። ከማበጠሪያው የሚወጣው ገመድ መሳይ ባዘቶ አንዱ ሜትር 5 ግራም ያህል ይመዝናል። በገበያ 20 ቁጥር የሚባለው ክር ግን አንድ ሺህ ሜትሩ 30 ግራም ያህል ብቻ ነው። ይህም ማለት ባዘቶው ከ160 ጊዜ በላይ ይሳባል ማለት ነው። በክሩ አንድ ነጥብ ላይ የሚገኙት ቃጫዎችም ከሁለት መቶ ያነሱ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ ተቋጥረው ቢገኙ ጉጥ ሆነው ይታያሉ፤ አጭር ቃጫ ቢበዛም ተደራርቦ የሚያያዘው ርዝመት ስለሚያንስ ክሩ ይበጠሳል።

3. የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሁኔታ

ሰበታ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ ቡራዩ በምዕራብ፣ ሱሉልታም እንጦጦን ተሻግሮ በሰሜን ይገኛሉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ሦስቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ስለሆኑ ጥጥ አይበቅልባቸውም። ጥጡ የሚመጣው እንደ መካከለኛው አዋሽ፣ እንደ መተማና እንደ ኦሞ ካሉ ቆላማ ቦታዎች ነው። ስለዚህ የዝግጅቱ ሰንሰለት በሁለት ይከፈላል፤ መልቀሙና ለፋብሪካ የሚደረገው መዳመጥ በቆላ፣ ማበጠሩና መፍተሉ በደጋ ይከናወናል።

በሰበታ በዓለም ገና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው አይካ አዲስ ከመፍተል እስከ ልብስ ስፌት ያለውን ሥራ በአንድ ግቢ ያሰባሰበ ሰፊ ፋብሪካ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ባልተከፈለ ብድር ምክንያት ወደ ኢትዮጵያ ልማት ባንክ እጅ ገባ። የአንድ ድርጅት መነሣትና መውደቅ ብዙ ምክንያት ስላለው እዚህ ላይ አንመረምረውም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ ሰበታ ላይ የተተከለ ማናቸውም አዲስ የመፍተያ መኪና ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በአንድ ለቃሚ ከረጢትና በአንድ የመዳመጫ መጋዝ ላይ የተደገፈ ነው።

ከረጢቱ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በአገራችን ጥጥ በእጅ መለቀሙ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በመኪና ከሚለቀመው ያነሰ ቅጠልና እንጨት ይገኝበታል። ነገር ግን በተለምዶ ማዳበሪያ በሚባለው የፕላስቲክ ከረጢት ሲጠራቀም የከረጢቱ ጭራሮ ከቃጫው ጋር ይደባለቃል። መዳመጫውና ማበጠሪያውም ጭራሮውን ከማስወገድ ይልቅ እየከፋፈሉ ያበዙታል፤ የጥጥን ቀለምም ስለማይቀበል በተነከረው ጨርቅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከጥጥ ጨርቅ የተሰፋ የመልቀሚያ ከረጢት ይህን ጉዳት ስለሚያስቀር ለፋብሪካው እንደ አንድ የመኪና ክፍል ሊቆጠር ይገባዋል።

በቡራዩ በኩል ያለው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በዚያ ከጋሞ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎች ይኖራሉ፤ ከሱሉልታም እንጦጦን ወርዶ የሚደረስበት ሽሮ ሜዳ የታወቀ የሸማ ገበያ ነው። ዛሬ ሸማኔው ብዙውን ጊዜ ድሩን ከፋብሪካ ክር ያደርጋል፤ ለልስላሴውና ለሙቀቱ ሲል ግን በእጅ የተፈተለ ማግ ይፈልጋል። ይህን ማግ የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ ጊዜያቸውም የሚያልቀው በመፍተል ብቻ ሳይሆን በመዳመጥና በመንደፍ ጭምር ነው።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ፈታይ አንድ ልቃቂት ለማውጣት 6 ሰዓት ለዝግጅት፣ 4 ሰዓት ለመፍተል ታጠፋለች ብለን እናስብ። በ70 ሰዓት 7 ልቃቂት ታወጣለች። የመፍተያው ፍጥነት በእጥፍ ቢያድግ ለአንዱ 8 ሰዓት ይበቃታል፤ በ70 ሰዓት ዘጠኝ እንኳ አይሞላላትም። የዝግጅቱ ጊዜ በግማሽ ቢቀነስ ግን ለአንዱ 7 ሰዓት ስለሚበቃት 10 ልቃቂት ታወጣለች፤ የማጉም ልስላሴ አይለወጥም። ገንዘቡ የተወሰነ የሆነ አንድ የሴቶች ማኅበር አስቀድሞ መግዛት ያለበት የቱን መሣሪያ እንደሆነ ከዚህ ስሌት መገንዘብ ይቻላል።

የአየሩም ጠባይ መታወቅ አለበት። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው የበጋ ወራት የደጋው አየር ይደርቃል፤ በማበጠሪያ ላይ የሚሰበቀው ቃጫም ኤሌክትሪክ ይዞ ይበታተናል፣ ከጥርሶቹም ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ፋብሪካዎች የማበጠሪያውንና የመፍተያውን ክፍል እርጥበት ከ50 እስከ 60 በመቶ ገደማ ለማድረስ ውኃ ይረጫሉ። በቤትም ቢሆን ባዘቶውን ከፀሐይና ከነፋስ መከለል ይጠቅማል።

4. በትምህርት ቤት ሊደረግ የሚችለው

ይህ ትምህርት ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። መምህሩ የሚከተሉትን ሥራዎች በክፍል ውስጥ ሊያሠራ ይችላል።

ሀ. ተማሪዎች 100 ግራም ያልተዳመጠ ጥጥ መዝነው በመዳመጫ ይዳምጡ፤ ቃጫውንና ፍሬውን ለየብቻ ይመዝኑ። ቃጫው ከ35 እስከ 40 ግራም ቢሆን የተለመደ ነው። ከቆላ ወደ ደጋ ያልተዳመጠ ጥጥ ማጓጓዝ ከክብደቱ አብዛኛውን ፍሬ መጫን እንደሆነ ከዚህ ይረዳሉ።

ለ. ቀጭንና ወፍራም ዘንጎች በየተራ ተጠቅመው የትኛው ፍሬ እንደሚደቅ ያስተውሉ፤ ስለ ሰበቃና ስለ ማዕዘን የተማሩትም በዚህ ይረጋገጥላቸዋል።

ሐ. ከተዳመጠው ቃጫ ቆንጥረው በጣት እያስተካከሉ በጥቁር ጨርቅ ላይ ያስተኙና በማስመሪያ ይለኩ። በአገራችን በሰፊው የሚዘሩት እንደ አካላና ዴልታፓይን ያሉት ዝርያዎች ርዝመታቸው 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከ13 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ሲበዛ መዳመጡ ሻካራ እንደነበረ ሊጠረጠር ይገባል።

በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶችም በእጀታ የሚሽከረከር ባለሁለት ዘንግ መዳመጫና የሽቦ ጥርስ የለበሰ አነስተኛ ታምቡር ማበጠሪያ መሥራት ይቻላል። ለመዳመጫው ላይኛው ዘንግ ቀጭን ብረት፣ ታችኛው ጠንካራ እንጨት ቢሆን ይበቃል፤ ለማበጠሪያው አስቸጋሪው ጥርሱ ስለሆነ ጥርስ የለበሰውን ጨርቅ ገዝቶ ታምቡሩን በአገር ውስጥ መሥራት ይሻላል። የሚሠራው መሣሪያ ከመሰራጨቱ በፊት ግን ፈታዮቹ ራሳቸው ሊሞክሩት ይገባል፤ ባዘቶው ለእንዝርት ይመች እንደሆነ ከእነርሱ እጅ የተሻለ መለኪያ የለምና።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው፣ ከድንጋይና ከብረት ዘንግ እስከ ታላቁ ማበጠሪያ ድረስ ያሉት መሣሪያዎች አንድ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ይኸውም ቃጫን ሳይጎዱ እንዴት መለየት፣ ማጥራትና ማስተኛት ይቻላል የሚለው ነው። ለፕላን ባለሙያው ከዚህ የሚከተለው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ከመፍተያው በፊት ማበጠሪያው፣ ከማበጠሪያው በፊት መዳመጫው፣ ከመዳመጫውም በፊት የለቃሚው ከረጢት መስተካከል አለበት። ለእያንዳንዱ አዲስ ማበጠሪያ ጥርሱን የሚስልና ክፍተቱን የሚለካ የሠለጠነ ሰው መመደብ አለበት፤ ያለ እርሱ የሩብ ሚሊ ሜትሩ ክፍተት ከጥቂት ወራት በላይ አይጸናም። በቤት ለምትፈትለው ሴት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጋት ከዝግጅቱ ድካም የሚያሳርፋት ቀላል መሣሪያ ነው።