በሉሾቶ አምስት ቀን፦ አጭር የቋንቋ ጉዞ ምን ይሰጣል?



በነሐሴው እረፍት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ይዘን ለአምስት ቀን ታንዛኒያ ውስጥ ወዳለችው ሉሾቶ ሄደን ነበር። ብዙ ወላጆች፣ «ናይሮቢ ተቀምጦ ስዋሂሊ ለመማር ድንበር መሻገር ለምን አስፈለገ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን እዚህ ላስረዳ።

ልጆቻችን ናይሮቢ ውስጥ የሚሰሙት ስዋሂሊ ከእንግሊዝኛና ከሼንግ ጋር የተቀላቀለ ነው። ቃል ሲጠፋቸው እንግሊዝኛ ይተካሉ፤ ሰሚውም ይረዳቸዋል። በታንዛኒያ ገበያ ግን ይህ መውጫ እምብዛም የለም።

ሉሾቶ በኡሳምባራ ተራሮች ላይ፣ በ1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የቆላው ሙቀት የከበዳቸው ጀርመኖች ለነፋሻ አየሯ መርጠዋት፣ በንጉሣቸው ስም «ቪልሄልምስታል» ይሏት ነበር። አስተዳደራቸው ከሕዝቡ ጋር በስዋሂሊ ይሠራ ነበር፤ አገሪቱም በ1961 እ.ኤ.አ. ነጻ ከወጣች በኋላ ስዋሂሊን ብሔራዊ ቋንቋዋ አደረገችው። የአካባቢው ሰው ግን ዛሬም ቤቱ ሲገባ በራሱ ቋንቋ፣ በኪሳምባ ያወራል።

ከመሄዳችን በፊት ሦስት ሳምንት ተዘጋጀን። መነሻችን ልጆቹ የሚያውቁት አማርኛ ነበር። «ሳዓ ታቱ» የእኛው ሦስት ሰዓት ነው፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ሰዓትን ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ። «ሄሳቡ» ሒሳብ፣ «ዋካቲ» ወቅት ነው። የሚያሳስቱም አሉ፦ «ሃኪሙ» በስዋሂሊ ዳኛ ነው፤ «ኤልፉ» ሺህ ሲሆን የእኛ እልፍ ግን ዐሥር ሺህ ነው።

ሉሾቶ ስንደርስ ደንቡ አንድ ነበር፦ ከቁርስ እስከ እራት እንግሊዝኛ የለም። በመጀመሪያው ቀን በፈተና ጥሩ ውጤት ያለው ልጅ ካሮት ሊገዛ ሄደ። ሻጯ «ሚያ ናኔ» አለችው። ስምንት መቶ ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ግን ደርቆ ቀረ። እሷም ሳትቸኩል፣ ፈገግ ብላ ጠበቀችው። በአራተኛው ቀን ያው ልጅ ዋጋ እየተከራከረ መልሱን ይቆጥር ነበር።

በአምስት ቀን ቋንቋ አይለመድም። የሚለቀው ፍርሃት ነው፤ እሱም ካልተለማመዱ ይመለሳል። ስለዚህ ዘወትር ዓርብ አንድ የስዋሂሊ ሰዓት መድበናል።

አንድ ጥፋት ግን የእኔ ነው። ሁለት ተማሪዎች የጉዞ ሰነዳቸው ስላልደረሰ ቀርተዋል። የስደተኛ ሰነድ ረጅም ጊዜ እንደሚወስድ እያወቅሁ ጉዳዩን ዘግይቼ ጀመርሁ። በመጪው ዓመት ዝግጅቱን ከስድስት ወር በፊት እንጀምራለን፤ አንድ ልጅ እንኳ ድንበር መሻገር ካልቻለ፣ ሁላችንም ስዋሂሊ የአገሬው የአፍ መፍቻ ወደሆነባት ሞምባሳ እንሄዳለን።

በመመለሻችን አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ተማሪ፣ «እዚያ ያሉ ልጆች ከአያታቸው ጋር በኪሳምባ ያወራሉ፤ እኔ አያቴ ስትደውል ስልኩን ለእማዬ ነው የማቀብለው» አለችኝ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በአማርኛ ጀምሮ ቃል ሲጠፋው እንግሊዝኛውን አታቀብሉት። እንደ ካሮት ሻጯ ፈገግ ብላችሁ ጠብቁት።