ከውጅግራ እስከ ክላሽ፦ ከቀለህ ጋር ትውውቅ

የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ገልብጠው መቀመጫውን ቢያዩት ዙሪያውን ጥቃቅን ፊደልና ቁጥር ታትሞበት ያገኙታል። ፋብሪካው፣ የተሠራበት ዓመት፣ በፈረንሳዮቹ ላይ ደግሞ የዓመቱ ሩብና ነሐሱን ያቀረበው ድርጅት ምልክት ሳይቀር እዚያች ጠባብ ክብ ላይ ሰፍሯል። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህን ማኅተም ማንበብን እንደ ሙያ የያዙ፣ ማኅበር መሥርተው መጽሔት የሚያሳትሙ ሰብሳቢዎች አሉ። የሚሰበስቡት ለመተኮስ አይደለም። ባሩዱ የወጣለት፣ ካፕሱሉ የከሸፈ፣ ቢመቱት የማይነሣ ጥይት ነው የሚፈልጉት። እኛ ዘንድ ጥይት በሠርግም በለቅሶም በፉከራም አብሮን ኖሯል፤ ተተኩሶ መሬት የሚወድቀውን ቀለህ ግን እንደ ሰነድ የቆጠረው ሰው ጥቂት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ደግሞ ካሉን የጦር ታሪክ ሰነዶች ሁሉ ለመዋሸት የማይመቸው እሱ ነው።

ጥይት ስንል አራት ነገር ተጣምሮ ነው። ከፊት አረሩ አለ፣ በሆዱ ባሩዱ፣ ሁሉን የሚይዘው ቀለህ፣ ከመቀመጫው መሐል ደግሞ የተቀበረችው ካፕሱል። ቃታ ሲሳብ መቺው መርፌ ካፕሱሏን ይወጋታል፤ ብልጭታዋ ባሩዱን ያቀጣጥለዋል፤ የሚፈጠረው ጋዝ አረሩን በአፈሙዝ ይገፋዋል። በዚያች ቅጽበት የቀለሁ ነሐስ ተለጥጦ የጠመንጃውን ጉሮሮ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል፤ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት አይመለስም። ግፊቱ ሲበርድ ነሐሱ መልሶ ይሰበሰብና ቀለሁ በቀላሉ ይወጣል። በአፈሙዝ የሚጎረሰውን አሮጌ ጠመንጃ ያስረሳው ይኸው የነሐስ ጠባይ ነው።

ይህ ለውጥ ወደ አገራችን የገባው በጦርነት በር ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የዘመተው የናፒየር ጦር የያዘው ስናይደር፣ ሰዉ ሰናድር ያለው፣ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። ቀለሁም እንደ ዛሬው ወጥ ነሐስ አልነበረም፤ ከስስ የነሐስ ወረቀት የተጠቀለለ ነበር። ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1868፣ አፄ ዮሐንስ ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆችን ሲያሸንፉ የተማረከው መሣሪያ በብዛት የአሜሪካ ሥሪት ሬሚንግተን ነበር። ካይሮ የገዛችው ጠመንጃ በአንድ ዓመት ውስጥ የኢትዮጵያ ሆነ። ጥይቱ ግን አብሮ አይማረክም፤ ይማረካል ቢባልም ያልቃል። የዚያን ዘመን የመሣሪያ ታሪክ የጠመንጃ ታሪክ አድርገን ስንጽፍ ራስ ምታቱ ጥይት እንደነበር እንረሳለን።

ከሁሉ የገነነው ውጅግራ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለጦራቸው የመረጡት የግራ ጠመንጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበን ሲያወጡ ውጅግራው በአንድ ጊዜ አረጀባቸውና ገበያ ላይ ወጣ። በታጁራና በጅቡቲ በኩል ወደ ሸዋ በገፍ የገባው ያኔ ነው። ጥይቱን እጃችሁ ላይ አስቡት፤ አውራ ጣት ያክላል። ቀለሁ ብቻውን 59 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ መቀመጫው ላይ ከንፈር አለው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ትከሻ ሠርቶ አንገቱ ወደ 11 ሚሊ ሜትር ይጠባል። አረሩ 25 ግራም የሚመዝን ድፍን እርሳስ ነው፤ የጠመንጃውን ውስጥ እንዳያቆሽሽ ወገቡ ላይ ወረቀት ተጠምጥሞለታል። ከ5 ግራም በላይ ጥቁር ባሩድ ይጎርሳል። ሲተኮስ ጢሱ ተኳሹን ይሸፍነዋል፤ አንድ ረድፍ ሠራዊት ተኩሶ ጢሱ እስኪገለጥ መጠበቅ የተለመደ ነበር።

ይህ ጥይት ከጦር ሜዳ አልፎ ገበያ ውስጥ ገባ። አፄ ምኒልክ በስማቸው ገንዘብ ቢያስቀርጹም ሰዉ የለመደው ማርትሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ነበር። ብሩ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ለዶሮና ለማር አይዘረዘርም። አሞሌው ደግሞ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፣ ሩቅ ሲጫን ይሰበራል። ጥይት ሁለቱንም ጉድለት ሞላ። ፋብሪካ የሠራው ስለሆነ አንዱ ካንዱ አይለይም፤ አይበሰብስም፤ በዝናር ይያዛል፤ ፈላጊ አያጣም። በተለይ በደቡብና በምዕራብ ባሉ ገበያዎች የውጅግራ ጥይት የብር ዝርዝር ሆኖ ተቆጠረ፤ ምንዛሪው እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ይወጣል፣ ይወርዳል። የተተኮሰው ባዶ ቀለህም ዋጋ ነበረው፤ ባሩድና አረር ተሞልቶ እንደገና ይተኮስ ነበርና። አገር ቤት የተወቀጠ ባሩድ፣ አገር ቤት የቀለጠ እርሳስ በፓሪስ ነሐስ ውስጥ ገብቶ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ማን ያውቃል።

እንግዲህ ያ ሁሉ ቀለህ የት ገባ? መልሱ ዋጋው ውስጥ ነው። አንገቱ እስኪሰነጠቅ ይሞላል፣ ይተኮሳል፤ ከተሰነጠቀ በኋላ አንጥረኛው እጅ ይገባል። የቀለህ ነሐስ 70 በመቶ ገደማ መዳብ የቀረው ዚንክ ነው፤ ለአምባር፣ ለመስቀልና ለዶቃ የሚመች ጥሩ ማዕድን። ዛሬም በእንጦጦ የሚኖሩ ሴቶች ከቀለጠ ቀለህ ጌጥ እየሠሩ ይተዳደራሉ። የማንንም እንጀራ አልነካም፤ አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። የሶቪየት ሥሪት የሆነው የክላሽ ቀለህ አብዛኛው ብረት ነው፤ ማግኔት ይስበዋል፣ ለአንጥረኛ አይረባም። እሳት ውስጥ ቀድሞ የሚገባው ነሐሱ፣ ማለትም አሮጌው ነው። የአንጥረኛው እሳት ሳያውቀው ታሪካዊውን መርጦ ያቀልጣል፤ አዲሱን ይተዋል።

ዳግም የተሞላ የውጅግራ ቀለህ ለእኔ ከአዲሱ ይልቅ ዋጋ አለው። ካፕሱሏ ከቀለሁ ጋር አትመሳሰልም፤ አንገቱ ላይ የመዶሻ ወይም የጥርስ ምልክት ይታያል፤ ከንፈሩ በተደጋጋሚ መጎተት ተበልቷል። ፋብሪካ የማያውቀውን የባላገር ሙያ የያዘ ዕቃ ነው። በውጭ አገር ጨረታ ግን ብዙ ጊዜ ዋጋ የሚያወጣው ያልተነካው ነው። እዚህ ላይ ከፈረንጆቹ ሰብሳቢዎች ጋር አልስማማም።

ማኅተም ማንበብ ብዙም አያስቸግርም፤ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ። “ኤስ ኤፍ ኤም” የሚል የፈረንሳይ የጥይት ኩባንያ ነው። “ኤስ ኤም አይ” የሚል የጣሊያን ነው፤ ጣሊያኖች ዓመቱን ብዙ ጊዜ በ3 አኃዝ ስለሚጽፉ “936” ማለት እ.ኤ.አ. 1936 ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የፋብሪካዎቻቸውን ስም በ“ፒ” ፊደልና በቁጥር ይሰውሩ ነበር፤ ያስታጥቁ የነበሩት ከዓለም ተደብቀው ነውና። ሶቪየቶች ከነጭራሹ ስም የላቸውም፤ የፋብሪካ ቁጥርና ዓመት ብቻ። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ የተኮሰው የአሜሪካ ጥይት ሌላ ምዕራፍ ነው። አንድ ሰው ከእያንዳንዱ አንዳንድ ቀለህ በጠረጴዛ ላይ ቢደረድር ኢትዮጵያ ከማን ጋር እንደተወዳጀች፣ ከማን ጋር እንደተጣላች በዓመት በዓመቱ ያነብበዋል።

ማኅተም ግን ብቻውን ያሳስታል። ዓድዋን ውሰዱ። አብዛኛው የጣሊያን ጦር የካቲት 23 ቀን 1888 የያዘው ቬተርሊ የሚባል ጠመንጃ ነበር። የውጫሌ ውል ሰሞን ጣሊያን ለምኒልክ ጠመንጃ ሰጥታ ስለነበር ቬተርሊ በእኛም ወገን ነበረ። ስለዚህ ከዓድዋ ሜዳ የተለቀመ የቬተርሊ ቀለህ ሙዚየም ውስጥ ቢቀመጥ ማን እንደተኮሰው አይናገርም። የሚናገረው ቦታው ነው፤ የትኛው ጉብታ ላይ፣ ስንት ሆኖ፣ በየት ዞሮ እንደተገኘ።

ይህን ያሳዩን አሜሪካኖች ናቸው። ሊትል ቢግሆርን በሚባል ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1876፣ ጉራ በተዋጋንበት ዓመት ማለት ነው፣ የላኮታና የሸያን ተዋጊዎች የሌተና ኮሎኔል ከስተርን ጦር ደምስሰው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ሲገለጥ የቁፋሮ ባለሙያዎች በብረት መፈለጊያ እያንዳንዱን ቀለህ ባለበት መዘገቡ። የመቺው መርፌ ጠባሳ ከጠመንጃ ጠመንጃ ይለያያል፤ እንደ ጣት አሻራ ነው። ጠባሳው አንድ የሆነውን ቀለህ ሲያገናኙ አንዱ ጠመንጃ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ በካርታ ላይ ተሣለ። ሲተረክ የኖረው የመጨረሻ መከላከል ብዙው ቦታ ላይ መበታተን እንደነበር ወጣ።

እኛም እንዲህ ያለ ሜዳ አለን፤ ያውም ቡታጅራ አጠገብ። ራስ ደስታ ዳምጠው በ1928 በገናሌ ዶሪያ ግንባር በጣሊያን ጦር ከተሸነፉ በኋላ በሲዳሞ ዓመት ያህል ተዋግተው ወደ ሰሜን ሲያፈገፍጉ በየካቲት 1929 ጎጌቲ ላይ ተከበቡ። አብረዋቸው የነበሩት ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም በዚያው ሰሞን ሞቱ። ጦርነቱ የተደረገው አዲስ አበባ ውስጥ በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረበት ከየካቲት 12 ጋር ተገጣጥሞ ነው። ራስ ደስታም ቆስለው አመለጡ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ተይዘው ቡታጅራ አካባቢ ተረሸኑ። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታሉ በስማቸው ይጠራል፤ ሊሴውም በደጃዝማች ገብረ ማርያም ስም። የጎጌቲን ሜዳ ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ያ ሜዳ ቢጠና ምን ያሳያል? የጣሊያን ወገን በአብዛኛው 6.5 ሚሊ ሜትር ካርካኖ ነው፤ ጥይቱ ቀጭን፣ ባለ ድቡልቡል አፍንጫ። የእኛ ወገን ጦር ግን አንዱ ውጅግራ፣ አንዱ ለበን፣ አንዱ ማውዘር፣ አንዱ የተማረከ ካርካኖ ይዞ ነው የሚሰለፈው። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይገባም፤ ጎረቤትህ ዝናሩ ሙሉ ሆኖ አንተ ባዶህን ትቀራለህ። በ1928 ጦርነት ስለ መርዝ ጋዙና ስለ አውሮፕላኑ ብዙ ተብሏል፤ ተገቢም ነው። ስለ ጥይት መደበላለቅ የተባለው ግን ትንሽ ነው። ቀለህ በየቦታው ተለይቶ ቢቆጠር የትኛው ምሽግ ቀድሞ ጥይት እንዳለቀበት ሊታይ ይችላል። ይህ በመጽሐፍ አይገኝም።

ወደ ወልቂጤ ስንዞር ታሪኩ ይለያል። የቀቤናው ሐሰን ኢንጃሞ በ1880ዎቹ መባቻ የሸዋን ጦር የገጠመው ጠመንጃ በበዛበት ወገን ፊት ቆሞ ነው። እዚያ የነሐስ ቀለህ ቢገኝ ማን እንደተኮሰ መገመት ይቀል ይሆናል። ከቡታጅራ በስተሰሜን ጢያ ላይ ያሉት ትክል ድንጋዮች ደግሞ ጎራዴ ተቀርጾባቸው ቆመዋል፤ ለእነሱ አጥር አጥረን በዓለም ቅርስነት አስመዝግበናል። ለቀለሁ ያደረግነው የለም።

አደጋውንም ልናገር። አሮጌ ጥይት አርጅቷል ማለት ሞቷል ማለት አይደለም። ጥቁር ባሩድ ደርቆ ከቆየ ከመቶ ዓመት በኋላም ይቀጣጠላል፤ ካፕሱሉም በድንገተኛ ምት ይነሣል። ለሥልጠና ሆን ተብሎ ያለ ባሩድ የተሠራው ጥይት አብዛኛውን ጊዜ ጎኑ ተበስቶ ወይም ቦይ ወጥቶለት ይለያል፤ ሌላውን ባለሙያ ብቻ ነው ከሽፏል ብሎ ሊፈርድ የሚችለው። ቤት ውስጥ በፒንሳ መክፈት፣ እሳት ማስጠጋት፣ ለልጅ መጫወቻ መስጠት ሞት መጥራት ነው። ሕጉም አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥይትን ያለ ፈቃድ መያዝ አይፈቅድም፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። በሁለቱ መካከል የሞተ ቀለህ የሚሰበስብ ሰው የት እንደሚቆም ግልጽ ሆኖ ቢጻፍ ብዙ ነሐስ ከእሳት ይተርፍ ነበር።

ስለዚህ በመስቃን፣ በሶዶም ሆነ በቀቤና ማሳ ስታርሱ ቀለህ ወይም ጥይት ብትገልጡ አታንሡት። በድንጋይ ምልክት አድርጉ፤ ስልክ ካላችሁ ከሩቅ ፎቶ አንሡ፤ የቦታውን ስም ጻፉ፤ ከዚያ ለፖሊስና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ተናገሩ። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራንም ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ፣ ፈንጂ አምካኝ ባለሙያ አስቀድማችሁ፣ ጎጌቲን በካርታ አንሡልን፤ ሜዳው በየዓመቱ እየታረሰ ነው።