ለጋቢና ስንት ዋት ይበቃል?

ደሴ ፒያሳ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብቶ ኢንቨርተር የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ በትልቁ ቁጥር ይጀምራል፦ «ሦስት ሺው ስንት ነው?» ፍሪጁ ስንት ዋት እንደሚወስድ ግን አያነሳም። ገንዘብም ባትሪም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ዕቃ ከከባድ መኪና ሹፌር የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው አላውቅም። ኮምቦልቻን ለቆ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሹፌር ጋቢናው መኝታውም ጓዳውም ነው። ከደሴ ብርድ ወጥቶ አፋር በረሃ ላይ ለሚያድር ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ቅንጦት አይደለም።

ኢንቨርተር ኃይል አያመርትም። ከባትሪ የሚመጣውን ዲሲ ወደ ቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ኤሲ ይለውጣል፣ ሲለውጥም ጥቂቱን በሙቀት ያጠፋል። ከዋቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ቮልቱ ነው። የቤት መኪና 12 ቮልት ነው፤ ከባድ መኪና ደግሞ ሁለት ባትሪ አያይዞ በ24 ይሠራል። የ12 ቮልት ኢንቨርተር 24 ላይ ከተሰካ ሊቃጠል ይችላል። አንዳንዱ ይህን ሲያውቅ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ይስባል። ያኔ አንዱ ይራባል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፤ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ለከባድ መኪና የ24 ቮልት ኢንቨርተር መግዛት ግድ ነው።

አሁን ወደ ዋቱ። ትንሽዬ ፍሪጅ 80 ዋት፣ ቴሌቪዥን 40፣ ሁለት የስልክ ቻርጀር 40፣ በድምሩ 160 ዋት ይሆናል። ይህ ግን ሁሉም ተረጋግቶ ሲሠራ ነው። የፍሪጁ ሞተር በሚነሳበት ቅጽበት ከመደበኛው አምስት እጥፍ ያህል ሊስብ ይችላል፤ 80 የነበረው 400 ይሆናል። ቴሌቪዥኑና ቻርጀሩ ሲጨመሩ 480። የአፋር ሙቀት ኢንቨርተሩን ስለሚያደክመው ትርፍ እንያዝለት፦ ሳያቋርጥ 600 ዋት የሚሰጥ ይበቃል። «ሳያቋርጥ» የምለው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚቻለው ስለሆነ ነው።

ታዲያ ሦስት ሺው ቢገዛ ምን ይጎዳል? ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት፣ በርቶ ብቻ፣ ባትሪ ይበላል። ትንሹ 10 ዋት ገደማ፣ ትልቁ 40 ሊወስድ ይችላል። ሁለቱ ባትሪዎች እያንዳንዳቸው 150 አምፔር ሰዓት ቢሆኑ በጠቅላላው 3600 ዋት ሰዓት ይይዛሉ። ጠዋት ሞተር ማስነሳት ስላለባቸው ከዚህ ከ30 በመቶ በላይ ባይነካ ይመረጣል። በመለወጥ የሚጠፋው ሲቀነስ በእጅ የሚቀረው 900 ያህል ነው። በአሥር ሰዓት ሌሊት ፍሪጁ ግማሹን ጊዜ ቢሠራ 400፣ ቴሌቪዥኑ ሦስት ሰዓት 120፣ ቻርጀሮቹ ሁለት ሰዓት 80፤ ድምሩ 600። ትንሹ ኢንቨርተር ለራሱ 100 ሲጨምርበት 700 ይሆናል፣ ያነጋል። ትልቁ 400 ሲጨምርበት ግን 1000 ይደርሳል። ሹፌሩ ጠዋት ቁልፍ ሲያዞር መኪናው እምቢ ሊለው የሚችለው በዚህ ነው።

የውሃ ማፍያ ማንቆርቆሪያ ከዚህ ስሌት ውጭ ነው። ከ1500 እስከ 2000 ዋት ይጠይቃል፤ የእንጀራ ምጣድማ ከ3000 ያልፋል። ለቡና ከመኪናው ወርዶ ከሰል ማቀጣጠል ይሻላል።

ለፍሪጅ «ፒዩር ሳይን» የሚባለውን ዓይነት መግዛት ነው። ርካሹ «ሞዲፋይድ» ቻርጀር ላይ ብዙ ችግር ባያመጣም ሞተር ያስጮኻል፣ ያግላል። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ደግሞ ለስልክና ለላፕቶፕ ነው፤ ገመዱ ቀጭን ስለሆነ ፍሪጅ አይችልም። የ600 ዋቱ ኢንቨርተር ከባትሪው ድረስ የራሱ ወፍራምና አጭር ገመድ ይዘርጋለት፣ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ገመዱ ቢላጥና ከሻሲው ቢነካካ እሳት የሚያስቀረው እሱ ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከመውጣትዎ በፊት ፍሪጁ ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልክዎ ፎቶ ያንሱና ለባለ ሱቁ ያሳዩት።