የምስጢር ቁጥርዎ ስንት ሙከራ ይፈጃል?

ባለ አራት አኃዝ የምስጢር ቁጥር ከ0000 እስከ 9999 ድረስ 10,000 አማራጮች አሉት። ሲሰሙት ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ባለ ሱቁ የልደት ዘመኑን ከመረጠ ነገሩ ይለወጣል፤ ከ1940 እስከ 2000 ዓ.ም. ያሉት ዓመታት 61 ብቻ ናቸውና። ዕድሜውን በግምት ለሚያውቅ ረዳቱ ደግሞ ከአሥር ብዙም አይበልጡም። የመኪና ታርጋና የስልክ የመጨረሻ አኃዞችም የተሻሉ አይደሉም። ለመሆኑ መርካቶ ውስጥ የደላላን ስልክ የማያውቅ ማን አለ?

ፊደል ለሚቀበሉ ሒሳቦች፣ በተለይም ለኢሜይል፣ ዋናው ርዝመት ነው። በዘፈቀደ በተመረጡ 8 የእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ላይ 4 ሲጨመሩ የአማራጮቹ ብዛት 456,976 እጥፍ ይሆናል። የማይገናኙ አራት አምስት ቃላትን ደርድሮ መያዝም ይቻላል። ተረትና ምሳሌ ግን አይሆንም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ኢሜይል የሚቀድመው፣ የሌሎች ሒሳቦች የይለፍ ቃል ሲረሳ መለወጫው አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው ወደዚያው በመሆኑ ነው። ስልክ ሲገዛ ኢሜይሉን የሞባይል ቤት ሠራተኛ የከፈተለት ነጋዴ የይለፍ ቃሉን እስካሁን ካልለወጠ፣ ሥራውን ከዚያ ቢጀምር ይሻላል።