ሮበርት ቬንቱሪና የተራው ሰፈር ትምህርት

ሮበርት ቬንቱሪ በሴፕቴምበር 2018 በ93 ዓመታቸው ያረፉ የፊላደልፊያ አርክቴክትና መምህር ናቸው (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለሙያው ብዙ ሕንፃና ብዙ ክርክር ትተውለታል። እንደ ጅቡቲው ካርቲየ 3 ባለ ሰፈር ለሚሠራ ባለሙያ ግን ከሕንፃዎቻቸው ይልቅ የሚጠቅመው መምህርነታቸው ነው። ተማሪ የቆመ ነገር ለማፍረስ እርሳስ ከማንሳቱ በፊት ያለውን በትዕግሥት እንዲያይ አስተምረዋል።

የተወለዱት በ1925 ነው። አባታቸው የፍራፍሬ ነጋዴ ነበሩ። እናታቸው ቫና ጦርነትን አጥብቀው የሚቃወሙ ሴት ሲሆኑ፣ ልጃቸውን ያሳደጉት በኩዌከሮች እምነት ነው። ኩዌከሮች በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር የተነሡ ክርስቲያኖች ናቸው። በተለምዷዊው አምልኳቸው ቄስም ቅዳሴም የለም። ጌጥ በሌለበት አዳራሽ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ከመካከላቸው መናገር የተሰጠው፣ ወንድም ሴትም ቢሆን፣ ተነሥቶ ይናገራል። የጦር መሣሪያ አያነሡም። ኢትዮጵያም ታውቃቸዋለች፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ ከ1942 ጀምሮ፣ የአምቡላንስ ቡድናቸው በአገሪቱ የሕክምና አገልግሎት ሰጥቷል።

ጌጥ ከሚሸሽ እምነት ለጌጥ የተሟገተ አርክቴክት መውጣቱ እንግዳ ይመስላል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ተቃርኖው ያን ያህል አይሰፋም። በኩዌከሮች ጉባኤ ማንም ተራ ሰው የሚሰማ ቃል ሊኖረው ይችላል፤ በቬንቱሪ ትምህርትም ማንም ተራ ሱቅ፣ ማንም የጎዳና ማስታወቂያ ሊታይ ይገባዋል።

በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ንድፈ ሐሳብ ያስተምሩ ነበር። በ1966 በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የታተመውና በሕንፃ ውስጥ ስላለ ውስብስብነትና ተቃርኖ የሚያትተው መጽሐፋቸው ከዚሁ የማስተማር ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ዘመናዊው ሥነ ሕንፃ ሁሉን ነገር አጥርቶና አቅልሎ ሲያበቃ ኑሮን ከነጓዙ ውጭ ያስቀረዋል የሚል ነበር ሙግታቸው። ሙግቱን ለእናታቸው በሠሩትና በ1964 ባለቀው ቤት በተግባር አሳይተዋል። በዚያ ቤት ደረጃውና ጭስ ማውጫው አንድ ቦታ ይሻማሉ። ደረጃው ጭስ ማውጫው ጋ ሲደርስ ይጠብባል፤ ጭስ ማውጫውም ለደረጃው ሲል ጎኑን ይሰጣል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ተሸንፈው አብረው ይኖራሉ።

በ1968 ከባለቤታቸው ከዴኒዝ ስኮት ብራውንና ከስቲቨን አይዘኑር ጋር የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ይዘው ላስ ቬጋስ ሄዱ። አዋቂዎች የሚጸየፉትን የቁማር ቤቶች ጎዳና ተማሪዎቹ ለ10 ቀን እንደ ጥንት ከተማ አጠኑት። በ1972 ከታተመው ጥናት በኋላ ሕንፃን በሁለት መክፈል የተለመደ ሆነ። አንደኛው በቅርጹ የሚናገር ነው፤ ምሳሌውም ሎንግ አይላንድ ላይ በዳክዬ አምሳል የተሠራው የዳክዬና የእንቁላል መሸጫ ነው። ሁለተኛው ተራ ባለ አራት ማዕዘን ቤት ሆኖ ማንነቱን ፊቱ ላይ በተጻፈና በተሣለ ነገር የሚያስታውቅ ነው። ቬንቱሪ ለሁለተኛው ወገኑ፤ ሥራው ሲለወጥ ሕንፃው ሳይፈርስ ጽሑፉ ብቻ ይለወጣልና።

በዛምቢያ ተወልደው ደቡብ አፍሪካ ያደጉት ስኮት ብራውን የዚህ ሁሉ እኩል ባለቤት ናቸው። የ1991 የፕሪትዝከር የሥነ ሕንፃ ሽልማት ግን ለባል ብቻ ተሰጠ። በ2013 እሳቸውም እንዲካተቱ ተማሪዎች አቤቱታ ሲያቀርቡ ቬንቱሪ ራሳቸው ፈርመዋል፤ አቤቱታው ተቀባይነት አላገኘም። ይህ ፍትሕ የጎደለው ውሳኔ ነው። የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም የወርቅ ሜዳሊያውን በ2016 ለሁለቱም በአንድነት ሰጥቷል።

ኩዌከርነታቸውና ሙያቸው ፊት ለፊት የተገናኙት ፊላደልፊያ በሚገኘው ጊልድ ሀውስ ነው። ሕንፃው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ የኩዌከሮች የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሰፈራቸው መራቅ ለማይፈልጉ አዛውንቶች ያሠራው ነው፤ ስድስት ፎቅ፣ 91 መኖሪያ። ጡቡ በጭስ የጠቆሩትን የጎረቤት ቤቶች እንዲመስል ተመርጧል። መስኮቶቹ የሰፈሩ መስኮቶች ናቸው፣ ትንሽ ሰፋ ይላሉ። ከበሩ በላይ የቤቱ ስም እንደ ሱቅ ማስታወቂያ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ጣሪያው ላይ ግን የወርቅ ቀለም ያለው የቴሌቪዥን አንቴና እንደ ሐውልት ቆሞ ነበር፤ ተቺዎች በአዛውንቶቹ ላይ እንደ ማላገጥ ቆጠሩት። ወቀሳው ጨርሶ የሚጣል አይደለም። የነዋሪን ኑሮ ማክበርና ኑሮውን ለአርክቴክቶች ወግ ማሳያ ማድረግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ካርቲየ 3 ፈረንሳዮች ከሠሩት መሐል ከተማ በስተደቡብ በቁጥር ከተሰየሙት የጅቡቲ ሰፈሮች አንዱ ነው። እንዲህ ባሉት ሰፈሮች የጣውላና የቆርቆሮ ቤት ከብሎኬት ቤት ጋር ተጠጋግቶ ይቆማል። የሱቅ ግድግዳ ራሱ ማስታወቂያ ነው፤ የሚሸጠው ዕቃ በቀለም ይሣልበታል፣ ከጎኑ በፈረንሳይኛ ወይም በአረብኛ ይጻፋል። ላስ ቬጋስ ሳይሄዱ የቬንቱሪን ሁለተኛ ዓይነት ሕንፃ እዚህ ማየት ይቻላል። ቀን ሙቀቱ በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ከቤቱ ውስጥ ይልቅ የደጁ ጥላ ዋጋ አለው። እኩለ ቀን ላይ ጫት ከኢትዮጵያ ሲገባ የሻጮቹ ሴቶች ጠረጴዛ የጎዳናውን ጠርዝ ይይዛል። ዝናብ ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን እንደ ኖቬምበር 2019 ከተማዋን ያጥለቀልቃል።

ስለዚህ እዚህ ቤት የሚያድስ ሰው መጀመሪያ የሚለካው ግድግዳውን ብቻ መሆን የለበትም። ጥላው በስንት ሰዓት የትኛው ደጃፍ ላይ እንደሚያርፍ፣ ጠረጴዛው የት እንደሚዘረጋ፣ ጎርፉ በየት በኩል ወደ በሩ እንደሚገባ በፕላኑ ላይ መስፈር አለበት። በብሎኬት የተተካ ቤት ደጁን ካጣ፣ ነዋሪው የሚቀመጥበትን ሻጯም የምትሸጥበትን ቦታ አጥተዋል ማለት ነው።

የፈረሰውን በተመለከተ ደግሞ ቬንቱሪና ባልደረቦቻቸው በ1976 የቤንጃሚን ፍራንክሊን ቤት በነበረበት ግቢ ያደረጉት አለ። ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር በቂ መረጃ ስላልነበረ መልሰው አልሠሩትም፤ በነጭ የብረት ክፈፍ የቤቱን መጠን ብቻ አቆሙ፤ ከሥሩ ያለውን የመሠረት ቅሪትም ጎብኚ እንዲያየው መመልከቻ ሠሩለት። በካርቲየ 3 የአሮጌ ጣውላ ቤት ፎቶ ሳይነሣ፣ ልኩ ሳይወሰድ ከፈረሰ በኋላ «በጥንቱ መልክ» እንሥራው የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ይህን ሥራ ማስታወስ ይገባል፤ ልኩ መወሰድ ያለበት ቤቱ ቆሞ ሳለ ነው።