የጥንቱ ጠመንጃና ናፍቆታችን

በሠርግም ሆነ በበዓል ሽለላ በተነሣ ቍጥር ሰናድር፥ ውጅግራና ምንሽር መጠራታቸው አይቀርም። እኛ ተማሪዎችም ከማንም ባላነሰ እናጨበጭባለን። ነገር ግን ስሞቹን እንጂ ታሪካቸውን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በአጭሩ እንመርምረው።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት የነበረው ነፍጥ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር። ተኳሹ በመጀመሪያ ባሩዱን ሰፍሮ በአፈሙዙ ያፈሳል፤ ቀጥሎ ድብልብል የእርሳስ ጥይት ይጨምራል፤ ከዚያም በቀጭን ዘንግ እስከ ታች ይጠቀጥቃል። በመጨረሻ የጥንቱን ዓይነት በተለኰሰ ገመድ፥ የኋለኛውን ደግሞ ሲመታ በሚፈነዳ ትንሽ የመዳብ ቆብ ያቀጣጥላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ጠላት እያየው፥ አብዛኛውን ጊዜም ቆሞ ነው። ዝናብ ከመጣ ባሩዱ ይርሳል፥ ገመዱም ይጠፋል። የሠለጠነ ወታደር እንኳ በደቂቃ 2 ወይም 3 ጊዜ ቢተኩስ ነው። ተኵሶ እንደገና እስኪያጎርስ ድረስ ጦር ከያዘው ሰው አይሻልም።

የዚህ መዘግየት ዋጋ በእሮጌ ሜዳ ታየ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በስቅለት ዕለት፥ ፊታውራሪ ገብርዬ የመሩት የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ወደ መቅደላ የመጣውን የእንግሊዝ ጦር ገጠመ። የኛ ወገን የያዘው በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃና ጦር ነበር። እንግሊዞች ግን ከኋላው የሚጎርስ፥ ባሩዱና ጥይቱ በአንድ ቀልሃ የተጠቃለለለት፥ በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል የሚተኵስ አዲስ ጠመንጃ ይዘው መጡ። ከኛ 700 ያህል ሰዎች ሲሞቱ፥ ከእነርሱ 20 ያህል ቆስለው 2 ብቻ ሞቱ። ፊታውራሪ ገብርዬም እዚያው ወደቁ። የጎደለው ጀግንነት አልነበረም።

የዚያ ጠመንጃ ስም ስናይደር ይባላል። ዛሬ በሽለላ የምናሞግሰው ሰናድር እርሱው ነው!

ውጅግራም ቢሆን «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይ ስም የመጣ ሲሆን፥ ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው። ከእሮጌ 28 ዓመት በኋላ፥ በ1888 ዓ.ም.፥ ብዙ የዓድዋ ዘማች ከኋላው የሚጎርሰውን ውጅግራ ይዞ ተሰለፈ። ትምህርቱ በከንቱ አልቀረም ማለት ነው። ሆኖም መሣሪያው አሁንም የተገዛ ወይም የተማረከ እንጂ የተሠራ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያሠሩት ይህን ጉድለት ስለ ተረዱት ነው፤ ግን ሴባስቶፖልም እንደ ነፍጡ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር።

እኛ የጥንቱን ጠመንጃ መናፈቅ ነውር ነው አንልም። ናፍቆቱ ግን ዕውቀት ይጨመርበት። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የቆየ ጠመንጃ የተሰቀለልን ተማሪዎች ለዕረፍት ስንሄድ አቧራውን ጠርገን ብቻ አንመለስ፤ የት እንደ ተሠራ፥ እንዴት እንደሚጎርስ፥ በማን እጅ እንዳለፈ ታላላቆቻችንን እንጠይቅ፤ የሰማነውንም እንጻፈው።