ሳሉ የሚቆጠርበት ሙከራ

ጂንካ ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ሰው ሳል ሳይሰማ አይመለስም። አቧራው አለ፤ ቤት ውስጥ የሚነደው እንጨት ጭስ አለ፤ ቲቢም አለ። ስለዚህ ደቡብ ኦሞ ውስጥ «ሳል የሚያስታግስ አዲስ መድኃኒት» ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የማን ሳል የሚለው ነው።

ሳል ሳንባ አክታውን የሚጠርግበት መንገድ ነው። የቲቢ ታማሚን ሳል በሽሮፕ ማፈን በሽታውን አይነካውም፤ ምርመራውን ግን ያዘገየዋል። አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ጭምር የተካሄደው «ስትሪም» የተባለ የመድኃኒት ሙከራም ያነጣጠረው መድኃኒት በተላመደው የቲቢ ተሕዋስ ላይ እንጂ በሳሉ ላይ አልነበረም።

ምንም የማያስወጣ ደረቅ ሳልም አለ። መንስኤው በውል ሳይታወቅ ሳንባቸው በጠባሳ እየደደረ የሚሄድ ሰዎች እንቅልፍ እስኪያጡ ያስላሉ። ብሪታንያ ውስጥ እንዲህ ያሉ 44 ሕሙማን ላይ ሞርፊን ተሞክሮ ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መጠኑ ትንሽ ነው፦ 5 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ። እያንዳንዱ ታማሚ ለ14 ቀን አንዱን፣ ከእረፍት በኋላ ደግሞ ሌላውን ወሰደ፤ አንዱ ሞርፊን፣ ሌላው መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን። የትኛው የትኛው እንደሆነ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቁም። ሳሉን የቆጠረው ሰውነት ላይ የሚታሰር የድምፅ መቅጃ ነው። ነቅተው ሳሉ የሚያስሉት፣ ከባዶው ክኒን ጋር ሲነጻጸር፣ 39 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ማቅለሽለሽና የሆድ ድርቀት ግን አልቀረም።

ባዶ ክኒን ለምን አስፈለገ? ጌፋፒክሳንት የተባለው የሳል መድኃኒት ሲሞከር ባዶውን የወሰዱትም ሳላቸው ከግማሽ በላይ ቀንሶ ነበር! መድኃኒቱ የጨመረው ከዚያ በላይ ትንሽ ነው። ደግሞ የምግብ ጣዕም ስለሚለውጥ፣ የደረሰውን ክኒን ምላሱ የሚነግረው ሰው አይጠፋም። ለሳል ሲታዘዝ የኖረው ኮዴይንም በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣ አነስተኛ ጥናት፣ ሥር የሰደደ የመተንፈሻ ቧንቧ ጥበት ባለባቸው ሰዎች ላይ ከባዶ ክኒን ተሽሎ አልተገኘም።

የሞርፊኑን ውጤት ወደ ጂንካ ስናመጣው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቲቢም ቢድን ሳንባ ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ያ ጠባሳ ግን ሙከራው የተካሄደበት በሽታ አይደለም። ሞርፊን ደግሞ መጠኑ ሲበዛ ትንፋሽ ያዳክማል። ሕክምናውን ጨርሶ ዳግም ማሳል የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቲቢው ተመልሶ እንደሆነ የሚያሳይ የአክታ ምርመራ ነው። ሳሉ ሁለት ሳምንት የሞላው ሌላውም ሰው ማርና ዝንጅብሉን ይጠጣ፤ አክታውን ግን ጤና ጣቢያ ያድርስ። የቲቢ መድኃኒት በነፃ ነው።